የቤት ውስጥ ዋይፋይን የሚያውከውን መሣሪያ ለይቶ ማወቅ

የንግድ ፈቃድ እድሳት፣ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ ግብር ማስታወቅና ሌሎች በርካታ አገልግሎቶች በኦንላይን መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ተገልጋዩ ጉዳዩን ከቤቱ ሆኖ መፈጸም ችሏል። ይሁንና ቅጹ ተሞልቶ ሰነዱ በመላክ ላይ ሳለ ግንኙነቱ ሲቋረጥ፣ ይባስ ብሎም ክፍያ በሚፈጸምበት ቅጽበት ገጹ ባለበት ሲቆም፣ ብዙዎች ጥፋቱን በመሥመሩ ወይም በአገልግሎት ሰጪው ተቋም ድረ ገጽ ላይ ያሳብባሉ። ሁለቱም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን መሥመሩ ደህና ሆኖ ሳለ በቤት ውስጥ ያለ አንድ መሣሪያ ብቻ የመላውን ቤተሰብ ግንኙነት የሚያውክበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህ የሚሆነው ከገመድ አልባ ግንኙነት አሠራር የተነሣ ነው። በአንድ ራውተር ሥር ያሉ ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና ቴሌቪዥኖች አንድን የአየር ሞገድ ስለሚጋሩ፣ አንዱ ሲያስተላልፍ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። በስብሰባ ላይ ዕድል ተሰጥቶት ንግግሩን የማያቋርጥ ወይም ቃል በቃል እያንጠባጠበ የሚናገር ሰው ሲገኝ የተሰብሳቢው ሁሉ ጊዜ በእርሱ እንደሚያልቅ ማለት ነው።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ችግሩ ከቤት ውጭ ነው ወይስ ከቤት ውስጥ የሚለው ነው። የፋይበር ደንበኛ ከሆነና በመሣሪያው ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ከታየ፣ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን እየደረሰ አይደለምና የቤት ውስጥ ፍተሻ ፋይዳ የለውም፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በቀጥታ ወደ 994 መደወል ይገባዋል። ይህ ካልታየ ግን የራውተሩ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ሌሎች ገመዶችም ተነቅለው፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ በኔትወርክ ገመድ ተገናኝቶ ይሞከራል። በዚህ ሁኔታ ሳይቆራረጥ ከሠራ ጥፋቱ የሚፈለገው ከቤት ውስጥ ነው።

ቀጣዩ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁሉም መሣሪያዎች ከዋይፋዩ እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ በየመካከሉም ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ግንኙነቱ ዳግም የታወከው የትኛው ከገባ በኋላ እንደሆነ ሲታወቅ፣ ያው መሣሪያ ወጥቶ ተመልሶ እንዲገባ በማድረግ ይረጋገጣል። ለዚህ ቀላሉ መንገድ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መቀየር ነው። እየዞሩ ማጥፋት የተረሳውን ይዘልላል፤ የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ግን በጓዳ የተቀመጠው አሮጌ ታብሌትም፣ ከዓመት በፊት ቃሉ የተነገረው ጎረቤትም እኩል ይወጣሉ። ችግሩ በየዕለቱ በተወሰነ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ሰዓቱን መመዝገብ ይጠቅማል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ የሚጀምር መቆራረጥ በዚያ ሰዓት ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ከሚገባ ስልክ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። በቀን የተነሡትን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ዋይፋይ እንዳገኘ በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መላክ ይጀምራል እንጂ። በተለይ በመዳብ የስልክ መሥመር በሚሰጠው ኤዲኤስኤል የመላኪያው አቅም ከመቀበያው እጅግ ያነሰ ነው። መላኪያው ሲሞላ፣ ሌላው የቤተሰብ አባል አንድ ገጽ እንዲከፈትለት የሚልከው አጭር ጥያቄ እንኳ ከፎቶግራፎቹ ኋላ ይሰለፋል፤ መቀበያው ባዶ ሆኖ ሳለ ገጹ አይከፈትም። ምስል ያለማቋረጥ ወደ ውጭ የሚልክ የደህንነት ካሜራም ተመሳሳይ ውጤት አለው። ቤተሰቡ ኢንተርኔቱን በሚፈልግበት ሰዓት የስልኩን መላኪያ ማቆምና የካሜራውን የምስል ጥራት ዝቅ ማድረግ በቂ ነው።

ለመለየት ይበልጥ የሚያስቸግረው የአድራሻ ግጭት ነው። ራውተር ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለያየ ቁጥር ያድላል፤ ለራሱም ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚለውን ይይዛል። ዋናው ዋይፋይ የማይደርስበትን ክፍል ለማዳረስ ሁለተኛ ራውተር ተገዝቶ ሲቀጠል፣ ይኸኛውም ከፋብሪካ ያንኑ ቁጥር ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አድራሻ ማደልም በራሱ ይጀምራል። አንድ ቤት ሁለት አባወራ ያገኘ ያህል ነው። ከመሣሪያዎቹ ከፊሉ ትክክለኛውን መውጫ ሲያገኙ ከፊሉ ወደ ተሳሳተው ይመራሉ፤ ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር መገናኘቱን እያሳየ ኢንተርኔት ግን አይኖርም። አዲሱ ራውተር ሲነቀል ሁሉም ይስተካከላል። ሆኖም መጣል የለበትም፦ በማስተካከያ ገጹ አድራሻው ዋናው ራውተር ለሌላ ወዳልሰጠው ቁጥር ተለውጦ፣ ዲኤችሲፒ የሚባለው አድራሻ የማደል ተግባሩ ጠፍቶ፣ ገመዱም «ዋን» በሚለው ሳይሆን «ላን» በሚለው ቀዳዳ ሲሰካ ያለ ግጭት ያገለግላል።

አሮጌ መሣሪያዎችም ሞገዱን ያጣብባሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 802.11ቢ ደረጃ የተሠሩት በሰከንድ ከ11 ሜጋ ቢት በላይ ማስተላለፍ ስለማይችሉ፣ ለጥቂት መረጃ ረዥም ተራ ይይዛሉ። ከራውተሩ የራቀ አዲስ ስልክም ሞገዱ ሲደክምበት ፍጥነቱን ስለሚቀንስ እንደዚያው ይሆናል። ማይክሮዌቭ ምድጃ በበኩሉ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ ምግብ በሚሞቅባቸው ደቂቃዎች ያውካል፤ ራውተሩና ስልኩ የሚችሉ ከሆነ ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ መቀየር ከዚህ ያድናል።

ማንም ሳይነካው ሌት ተቀን መረጃ የሚልክ መሣሪያ ሲገኝ ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በመውረር፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ የጥቃት መሣሪያ አድርጓቸዋል። የሚያጠራጥረው መሣሪያ ከኔትወርኩ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለሳል፤ የይለፍ ቃሉም ይቀየራል፣ ሶፍትዌሩም ይዘመናል።

ፍተሻው እስኪጠናቀቅ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ተገልጋይ የሞባይል ዳታ መጠቀም ይችላል። በክፍያ መካከል ግንኙነቱ የተቋረጠበት ሰው ክፍያውን ከመድገሙ በፊት ከባንኩ ወይም ከቴሌብር የደረሰ አጭር መልእክት መኖሩንና ቀሪ ሂሳቡን ያረጋግጥ፤ ገንዘቡ ተቀንሶ ማመልከቻው እንዳልተከፈለበት የሚያሳይ ከሆነ የግብይት ቁጥሩን ይዞ ለአገልግሎት ሰጪው ተቋም ማሳወቅ ይኖርበታል።