ነፋስ ጣሪያ ከነጠቀ በኋላ፦ ባለሙያው ለደንበኛው ምን ይመልስ?

በቦሌ፣ ከሩዋንዳ ኤምባሲ ስሙን ባገኘው ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከፎቆቹ ጀርባ ዛሬም በቆርቆሮ የተከደኑ ቤቶች አሉ። በሚያዝያና በግንቦት፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ፣ ነጎድጓዳማው ዝናብ ኃይለኛ ነፋስ ይዞ ሲመጣ የጣሪያ ሠራተኞች ስልክ ይጨናነቃል። የደንበኛው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዝናቡ ሳይደግም ቶሎ ምቱልኝ!» ታዲያ የድርጅቱ መልስ ምን መሆን አለበት?

በቅድሚያ ነፋሱ የሚሠራውን እንመልከት። ብዙ ሰው ነፋስ ቆርቆሮውን ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በጣሪያው ላይ በፍጥነት የሚያልፈው አየር ወደ ላይ ይስበዋል፤ በተከፈተ መስኮት የገባው ደግሞ ከሥር ይገፋዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ (ኢቢሲኤስ 1) መነሻ ያደረገው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነበር። ይህ በአዲስ አበባ ከፍታ ሲሰላ ግፊቱ በካሬ ሜትር 23 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ግን በካሬ ቢመዝን 2 ኪሎ ገደማ ነው። በክፈፉና በማዕዘኑ በኩል ስበቱ ይበልጥ ይበረታል። ስለዚህ ጣሪያውን የሚይዘው ክብደቱ ሳይሆን ማያያዣው ነው ማለት ነው።

በመሆኑም ጥሩ ባለሙያ እንደደረሰ መዶሻ አያነሳም። የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ካለ ሰው እንዳይጠጋ ያደርጋል፤ የተገለጠውን በሸራ ይሸፍናል፤ ኢንሹራንስ ያለው ደንበኛ ከጥገናው በፊት ፎቶግራፍ እንዲያነሳ ይመክራል። ቀጥሎ የወደቀውን ቆርቆሮ አገላብጦ ያያል።

1. ሚስማሩ እንጨቱ ላይ ቀርቶ የቆርቆሮው ቀዳዳ ከተቀደደ፣ ቆርቆሮው ቀጭን ነው ወይም ሚስማሩ ተራርቋል። ሰፊ ጎማ ያለው ቪቴ፣ በተለይ ክፈፉ ላይ፣ አቀራርቦ ማሰር ይገባል።

2. ሚስማሩ ከቆርቆሮው ጋር ከተነቀለ እንጨቱ አልያዘውም። ልሙጡን ሚስማር በጠምዛዛ ወይም በቪቴ መተካት፣ የበሰበሰውን ሞራሌ መለወጥ ነው።

3. ቆርቆሮው ሞራሌውን ጭምር ይዞ ከሄደ ችግሩ ታች ነው። ሞራሌው ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር በብረት ወይም በወፍራም ሽቦ መታሰር አለበት።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ደንበኛውም ተጣድፏል፤ በአሮጌው ቀዳዳ መልሶ መምታት ለሁለቱም ይቀላል። ግን ያው ነፋስ ሲመለስ ያው ቆርቆሮ ይነሳል፤ የሚበር ቆርቆሮ ደግሞ እኮ የጎረቤት ልጅ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ ሸራ እናልብሰው፤ ጥገናው ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ» ብሎ የተነቀለውን ሚስማር እያሳዩ ማስረዳት ከጥድፊያው ይሻላል። ነገ በዚህ ሙያ የምንሰማራ ተማሪዎችም ከወዲሁ ልንለምደው የሚገባን መልስ ይኸው ነው።