50 ሜትር ወይስ 100? የአንዲት ጥይት ሂሳብ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ፐብጂ ተጫውታችሁ የምታውቁ ከሆነ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ሩቅ የቆመውን ሰው መሃል ለመሃል አነጣጥራችሁ ስትተኩሱ ጥይቱ ከእግሩ ሥር ያርፋል። ጌሙ አልተበላሸም። ጥይት ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እየሄደ ይወድቃል። እውነተኛ ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ እዚያ እንደገና መጀመር የሚባል ነገር የለም።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ይጠቃለሉ እንጂ ዳር ዳሩ አሁንም እርሻ ነው። እርሻ ካለ ደግሞ ሰብል አጥፊ አለ። ጃርት ሌሊቱን ድንች ሲቆፍር ያድራል፣ ጦጣና ዝንጀሮ ቀን ይመጣሉ። ገበሬው ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ይጠብቃል። አንዳንዴም ልጅ ከትምህርት ቀርቶ ይጠብቃል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህችን የቀረች የትምህርት ቀን “ነፃ” ብሎ አያልፋትም፣ ዋጋ አላት። ስለዚህ “አንዲት ትንሽ ጠመንጃ ብትኖር አትገላግልም ወይ?” የሚል ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም።

እሺ፣ ጥያቄውን በቁም ነገር እንውሰደው። በሌላው ዓለም ለትንንሽ ሰብል አጥፊዎች በብዛት የሚያገለግለው ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ ነው። አረሩ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከአፈሙዝ ሲወጣም ፈጠን ያለው ዓይነት በሴኮንድ 375 ሜትር ያህል ይጓዛል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚወስነው ነገር ታዲያ “ዜሮው ስንት ሜትር ላይ ይሁን?” የሚለውን ነው።

ዜሮ ማለት ቀላል ነው። መነጽሩ ከአፈሙዙ 4 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ዓይናችን የሚያየው መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ የአረሩ መንገድ ግን ጎበጥ ያለ ነው። አረሩ ከሥር ተነስቶ የዕይታውን መስመር ያቋርጥና ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ እየወረደ ሁለተኛ ጊዜ ያቋርጠዋል። ያ ሁለተኛው መገናኛ ዜሮው ነው። እዚያች ርቀት ላይ ያያችሁትን ትመታላችሁ። ከእሷ ወዲህም ሆነ ወዲያ ጥቂትም ቢሆን ትስታላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው “ሩቅ ላይ ዜሮ ላድርገው፣ ሩቅም ቅርብም ይሠራልኛል” ይላል። ሂሳቡ ግን እንዲህ አይልም። ጠመንጃው 100 ሜትር ላይ ዜሮ ከተደረገ፣ 50 ሜትር ላይ ያለን ነገር ከ9 እስከ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ያልፈዋል፣ 75 ሜትር ላይ ደግሞ 8 ሴንቲሜትር ያህል። እንስሳው ትንሽ ነው፣ መመታት ያለበት ቦታ ከሻይ ብርጭቆ አፍ አይበልጥም። ስለዚህ ለ100 ሜትር ስንል ከዚያ በፊት ያለውን በሙሉ ከሰርን ማለት ነው።

50 ሜትር ላይ ሲሆንስ? 25 ሜትር ላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ይህ ምንም አይደለም። 75 ሜትር ላይ ከ6 እስከ 7 ሴንቲሜትር፣ 100 ሜትር ላይ ደግሞ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። የሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ስህተት እችላለሁ ላለ ሰው ይህ ዜሮ 60 ሜትር አካባቢ ድረስ ያለ ምንም ማስተካከያ ያገለግላል። ዜሮውን ወደ 60 ሜትር ቢያሳድገው እስከ 70 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በላይ መሳብ ግን ትርፉ ትንሽ፣ ኪሳራው ብዙ ነው። ዜሮ መምረጥ ስህተትን ማጥፋት አይደለም፤ ስህተቱ የት ቢቀመጥ ብዙ እንደማይጎዳ መምረጥ ነው።

ንፋሱም አለ። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የጎን ንፋስ ይህችን ቀላል አረር 50 ሜትር ላይ ወደ 3 ሴንቲሜትር፣ 100 ሜትር ላይ ግን ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ይገፋታል። የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ንፋሱን አይረሳውም።

አሠራሩም ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ተኩሶ መነጽሩን ማዞር፣ እንደገና አንድ ተኩሶ ማዞር፣ ይህ በአንድ ሰው መልስ የሕዝብ ቆጠራ እንደማካሄድ ነው። ሦስት ወይም አምስት ተኩሶ የመሃላቸውን ነጥብ መውሰድ፣ ከዚያ ማስተካከል። የጥይቱ ዓይነት ከተቀየረ ደግሞ ዜሮውም ይቀየራል፣ እንደገና መፈተሽ አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

“ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ይሠራልኝ የለ?” ትሉ ይሆናል። ይሠራል፣ ግን የምትኖሩበትን ከፍታ ንገሩት። ከፍታው ካልተሞላ አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል ደረጃ ነው የሚያሰላው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አትሌቶቻችን እዚያ የሚሠለጥኑት ለዚሁ ነው። ሯጩን ትንፋሽ የሚያሳጣው ይኸው ስስ አየር ለአረር ግን መንገድ ይለቅለታል። 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ዒላማውን ስቶ ለሚሄደው አረር ግን ሌላ ወሬ ነው።

ይህ የስቶ ሂያጅ ጉዳይ ነው ከሁሉም የሚከብደው። ያቺ “ትንሽ” የምንላት አረር ወደ ላይ አዘንብላ ከተተኮሰች 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ልትሄድ ትችላለች፣ በስስ አየር ደግሞ ከዚያም ታልፋለች። አሁን ካርታውን ክፈቱ። ሰበታ ላይ ከእርሻው ጀርባ ፋብሪካ አለ። ቡራዩ ላይ ከማሳው ማዶ አዲስ ሰፈር ተሠርቷል። ሱሉልታ ላይ ጎህ ሲቀድ፣ ጃርቱ ወደ ጉድጓዱ በሚመለስበት ሰዓት፣ ሜዳው ላይ ሯጮች አሉ። 1.5 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሰው የሌለበት አቅጣጫ የት ይገኛል?

ሕጉም አለ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። የመሣሪያ ፈቃድ ቢኖር እንኳ አደን ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚለው ይህንን ነው። ከሰበታ ብዙም ሳይርቅ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት። ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ዓይን የማን እንደሆነ ሳይለዩ ቃታ መሳብ አይቻልም።

እና የኔ መልስ ምንድን ነው? ፈቃድ ላለው ሰው፣ ለባለ 22 ካሊበር፣ 50 ሜትር። 60 ቢሆንም አልጣላም። ግን ቁጥሩን ከመነጽሩ በፊት መሬቱ ይወስነዋል። ከእንስሳው ጀርባ አረሩን የሚውጥ ዳገት ወይም አፈር ከሌለ፣ ወይም ከማማ ላይ ሆኖ ወደ መሬት ቁልቁል የማይተኮስ ከሆነ፣ ትክክለኛው ርቀት 50ም 100ም አይደለም። እንዲህ ባለው ማሳ ላይ ወንጭፍና አጥር ያዋጣሉ። የወንጭፍ ድንጋይ ቢስት እዚያው ማሳው ጥግ ይወድቃል፣ ጎረቤት ቤት አይገባም።