የኮልፌ ደጋ፦ ከጥድ እስከ ባሕር ዛፍ

በኢትዮጵያ የትኛው ዛፍ የት እንደሚበቅል፣ የትኛው አውሬ የት እንደሚውል በዋናነት የሚወስነው ከፍታ ነው። መቶ ሜትር ሽቅብ በወጡ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ገበሬው አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ የከፈለው በዚሁ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ቫን ብሩገል ባሳተሙት አትላስ ደግሞ የአገሪቱ ዕፅዋት በ12 ዓይነት ተመድቧል።

የአዲስ አበባው ኮልፌ ወይና ደጋው አልቆ ደጋው የሚጀምርበት ወሰን ላይ ነው። ሊቃውንቱ እዚህ የሚመድቡት ደረቁን የደጋ ደን ነው፤ ከ1800 እስከ 3000 ሜትር የሚዘልቅ፣ ዝናቡን በክረምት ጠጥቶ በጋውን ቅጠሉን ሳያራግፍ የሚከርም። ዋናዎቹ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ናቸው፤ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከ3000 ሜትር ወዲያ አስታ ይተካል። ከሥራቸው አጋምና ቀጋ አሉ።

ይህን ደን በደኅና ይዞታው ማየት የፈለገ ከኮልፌ በስተ ምዕራብ ወደሚታየው ወጨጫ ተራራ ይሂድ። በተራራው ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ጥዶች መካከል ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ የምኒልክ ድኩላም ከቁጥቋጦው ውስጥ ይሸሸጋል። ወደ አዋሽ ፓርክ ቢወርዱ ግን ጥዱ በግራር፣ ድኩላው በሳላ ተተክቶ ያገኙታል።

በከተማዋ ዙሪያ ጥዱ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። በአፄ ምኒልክ ዘመን እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቶሎም ይደርሳል። ውለታው ግን ዋጋ አለው፦ ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለበት ከሥሩ ብዙ ተክል አይበቅልም፤ ፍሬና ቅጠል ለቃሚው አውሬም እንደ ቀድሞው ቀለብ አያገኝበትም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከፊሉ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከፊሉ በጉለሌ ያረፈ ነው። በ705 ሄክታሩ ላይ ከባሕር ዛፉ ጎን አገር በቀሎቹን ሰብስቦ ይጠብቃል። ለክረምት ችግኝ የምትመርጡ የኮልፌ ነዋሪዎች፣ ለማገዶ ባሕር ዛፍ ብትሉም ለግቢያችሁ ጥድ ወይም ወይራ አትንፈጉ፤ ለዚህ ከፍታ የተፈጠሩት እነሱ ናቸው።