የዘገየ ክብር

ጄምስ ማኩን ስሚዝ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1813 ዓመት በኒው ዮርክ ከባሪያ እናት ተወለደ፤ በ1827 ሕግ ነፃ አወጣው። የአሜሪካ ኮሌጆች ጥቁር ስለ ሆነ ሕክምና እንዳይማር ቢከለክሉት ባሕር ተሻግሮ በስኮትላንድ ተማረ፤ በ1837ም በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሐኪምነት ማዕርግ ተቀበለ። ከጥቁር አሜሪካውያን ይህን ማዕርግ በማግኘት የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ከዚህም በኋላ ወደ ተናቀበት አገር ተመልሶ ሕሙማንን አከመ፤ ወላጅ የሌላቸውንም ጥቁር ሕፃናት ሃያ ዓመት ያህል በሐኪምነት ጠበቀ። ከ1840 የሕዝብ ቈጠራ ወዲህ ነፃነት ጥቁሮችን ያሳብዳል የሚሉ ሰዎች በተነሡ ጊዜ፥ መዝገቡን መርምሮ ሐሰቱን በቍጥር ገለጠ።

በ1865 ባርነት በአገሩ ሁሉ ሊሻር ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሞተ። መቃብሩም ያለ ምልክት ኖሮ፥ ከዘሩ የተወለዱ ሰዎች ድንጋይ ያቆሙለት በ2010 ነው። እንግዲህ ምስጋናን ሳይጠብቅ የሚሠራ ሰው ክብሩ ቢዘገይም ሥራው አይጠፋም።