ቢራቢሮና ንብን በጓሮ ማንሳት፦ የቅርብ ርቀት ፎቶግራፍ በደራ

የቅርብ ርቀት ፎቶግራፍ ወይም ማክሮ በዓይን እምብዛም የማይለዩ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ የሚያሳይ የፎቶግራፍ ዘርፍ ነው። መለኪያው በሚነሳው ነገር ትክክለኛ መጠንና በካሜራው ሴንሰር ላይ በሚያርፈው ምስል መካከል ያለው ንጽጽር ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ 1 ለ 1 ይባላል። ሙሉ መጠን ያለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 12 ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም ሠራተኛ ንብ በ1 ለ 1 ስትነሳ የምስሉን ወርድ አንድ ሦስተኛ ትይዛለች። ክንፉ ሲዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቢራቢሮ ግን በ1 ለ 4 ቢነሳም የምስሉን ወርድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ለቢራቢሮ ተራ ሌንስ የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ ንብ ግን እውነተኛ ማክሮ ትጠይቃለች።

ደራ በአርሲ ዞን በዶዶታ ወረዳ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የግራር ቁጥቋጦ ይከባታል። ሞቃት አየሯ ለነፍሳት ይስማማል፤ ሎሚ፣ በሶብላና የወፍ ቆሎ በቅለው በሚያብቡበት ጓሮ ውስጥ ሩቅ ሳይኬድ ብዙ ዓይነት ቢራቢሮና ንብ ማግኘት ይቻላል። ለሥራው አስቸጋሪ የሆኑት የእኩለ ቀን ፀሐይና ነፋስ ናቸው። በአዳማ ኮረብቶች ላይ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሥራ የጀመሩት አካባቢው ነፋሻ በመሆኑ ነው። ይኸው ነፋስ የአበባ ዘንግን ያወዛውዛል፤ በማክሮ ደግሞ የ2 ሚሊ ሜትር መወዛወዝ ምስልን ለማበላሸት ይበቃል።

በጓሮ ከሚታዩት ትልልቅ ቢራቢሮዎች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የሚባለው ነው። ጥቁር ክንፉ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። እንቁላሉን የሚጥለው በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ነው። ገና የተፈለፈለው አባጨጓሬ የወፍ ኩስ መስሎ ከጠላቶቹ ይሸሸጋል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። አንድ የሎሚ ዛፍ ያለው ሰው ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ ያለውን ዑደት በሙሉ ከቤቱ ሳይወጣ ማንሳት ይችላል። ዳናውስ ክሪሲፐስ የሚባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ ደግሞ በአባጨጓሬነቱ ነጭ ወተት ያላቸውን መርዛማ ተክሎች ይመገባል። መርዙ በሰውነቱ ስለሚቀር ወፎች ይሸሹታል። መርዝ የሌላት የሌላ ዝርያ ሴት፣ ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ፣ መልኩን አስመስላ በዚሁ ፍርሃት ትጠበቃለች። ሁለቱን ለመለየት የክንፉን ጠርዝና ደም ሥር በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ብዙ ይረዳል።

ከንቦች መካከል ሁሉም የሚያውቃት የማር ንብ ናት። ከእርሷ ሌላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እንጨት የሚበሱ ትልልቅ ጥቁር ንቦችና ቅጠል በክብ እየቆረጡ ለጎጇቸው የሚወስዱ ዝርያዎችም አሉ። በማር ንብ ላይ በቅርብ ሊታዩ ከሚገባቸው ነገሮች ዋናዎቹ ከብዙ ሺህ ጥቃቅን ዓይኖች የተገነባው ትልቁ ዓይኗ፣ ሰውነቷን የሸፈነው ፀጉርና በኋላ እግሮቿ ላይ የአበባ ብናኝ የምትጭንበት ቦታ ናቸው። በቢራቢሮ ላይ ደግሞ የሚጠቀለለው መምጠጫና ክንፉን የሚሸፍኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፤ የክንፉ ቀለም የሚገኘው ከእነዚህ ቅርፊቶች ነው።

የማክሮ ትልቁ ፈተና ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ስስ መሆኑ ነው። በ1 ለ 1፣ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ በኤፍ 8 ሲከፈት፣ ጥራት ያለው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይኗ የጠራላት ንብ ክንፏ ሊደበዝዝ ይችላል። ቀዳዳውን ማጥበብ ጥልቀቱን ይጨምራል፤ ሆኖም ከመጠን ሲጠብ ብርሃን በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል። በ1 ለ 1 ደግሞ ኤፍ 8 በተግባር እንደ ኤፍ 16 የጠበበ ስለሚሆን፣ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። መፍትሔው አቀማመጥን መምረጥ ነው። ክንፉን የከደነ ቢራቢሮ የካሜራው ጀርባ ከክንፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲነሳ ክንፉ በሙሉ ይጠራል። ንብ ከሆነች ዓይኗ መጥራት አለበት። ትኩረቱን በእጅ ወስኖ ካሜራውን በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ፣ ዓይኗ በጠራበት ቅጽበት ተከታታይ ምስሎችን ማንሳት ከራስ ሰር ትኩረት ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ንብ ክንፏን በሰከንድ 230 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች። ሹተሩ በ1/250 ሰከንድ ቢሠራ በዚያ ጊዜ ውስጥ ክንፏ አንድ ጊዜ ያህል ወጥቶ ይወርዳል፤ ምስሉም ጭጋግ ይሆናል። በ1/2000 እንኳ የክንፉ ጫፍ ይደበዝዛል። ክንፉን የሚያስቆመው ፍላሽ ነው፤ በትንሽ ኃይል ሲሠራ ብርሃኑ ለ1/10000 ሰከንድ ያህል ብቻ ሊበራ ይችላል። ብርሃኑ በቀጥታ ሲወድቅ በንቧ አንጸባራቂ አካል ላይ ነጭ ጉድፍ ስለሚተው፣ ነጭ ወረቀት ወይም ስስ ነጭ ፕላስቲክ ፊት ለፊቱ ማድረግ ያለሰልሰዋል።

የተሻለው ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። ያኔ ፀሐይዋ ዝቅ ያለች፣ ብርሃኗ ለስላሳ፣ ነፋሱም ብዙ ጊዜ ረገብ ያለ ነው። ቢራቢሮ ለመብረር ሰውነቱ መሞቅ ስላለበት በዚህ ሰዓት ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ለማንሳትም ይመቻል። ነፋስ ሲነሳ የአበባውን ዘንግ መሬት ላይ ከተተከለ እንጨት ጋር በልብስ መቆንጠጫ ማያያዝ፣ ወይም በነፋሱ በኩል ሰፊ ካርቶን ማቆም ይጠቅማል።

የነፍሳቱን ልማድ ማወቅ ብዙ ልፋት ያድናል። የማር ንብ በአንድ ጉዞ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ትቀስማለች፤ እንደ በሶብላ ባለ ቀጥ ያለ የአበባ ዘንግ ላይም ብዙ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ትወጣለች። ስለዚህ እርሷን ከመከተል ይልቅ ቀጥላ ወደምትደርስበት አበባ ካሜራውን አስተካክሎ መጠበቅ ይሻላል። ቢራቢሮ የሚደነግጠው በድንገተኛ እንቅስቃሴና በላዩ በሚያልፍ ጥላ ስለሆነ፣ ዝቅ ብሎ በዝግታ መቅረብ ያስፈልጋል። አበባ ላይ ያለች ንብ ካልተነካች እምብዛም አትናደፍም። በቀፎ አጠገብ ግን ጠባቂዎቹ ቁጡ ናቸው፤ በበረራ መስመራቸው ላይ መቆም፣ ጥቁር ልብስና ጠንካራ ሽቶ ያስቆጣቸዋል።

ለመጀመር ውድ ማክሮ ሌንስ ግዴታ አይደለም። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ተራ ሌንስን ለማክሮ ያበቃል፤ በእጅ ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ አጉሊ መስታወትም ቢራቢሮን በሚገባ ያነሳል። የማክሮ ሌንስ የሚገዛ ሰው 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለውን ቢመርጥ ነፍሳቱን ሳያስደነግጥ ለመሥራት በቂ ርቀት ያገኛል።

ፎቶ አንሺው ከሌንስ በፊት ጓሮውን ሊያሰናዳ ይገባል። ከክረምት ማብቂያ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አበባው ሲበዛ ነፍሳቱም ይበዛሉ፤ በበጋ ግን ውኃ የሚጠጣ የጓሮ አበባ ይስባቸዋል። በሶብላ እንዲያብብ መተው፣ በሎሚው ላይ ያሉትን ጥቂት አባጨጓሬዎች አለመግደልና ፀረ ተባይ አለመርጨት ያስፈልጋል። ነፍሳቱን ለማደንዘዝ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ሊገድላቸው ስለሚችል ተገቢ አይደለም። በምስሉ ላይ ቀን፣ ቦታና የተክሉ ስም ሲጻፍበት ለተመራማሪ የሚጠቅም መረጃ ይሆናል፤ አንድ ዝርያ የት፣ መቼና በየትኛው ተክል ላይ እንደታየ የሚታወቀው እንዲህ ባሉ መዝገቦች ነው።