የጋላክሲ ዙረትና የማይታየው ቁስ አከፋፈል

ሰማይን የሚመረምር ሰው የአንድን አካል መጠነ ቁስ በሚዛን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚችለው በዙሪያው የሚዞሩትን ነገሮች ፍጥነት መለካት ነው። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ከመካከሉ ባለው ርቀት ደግሞ ተባዝቶ፣ በኒውተን የስበት ቋሚ ቁጥር ሲካፈል፣ በምሕዋሩ ውስጥ ያለው መጠነ ቁስ በግምት ይገኛል። ሜርኩሪ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ፣ ከፀሐይ እጅግ የራቀው ኔፕቱን የሚሄደው 5.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ምክንያቱም ቁሱ ሁሉ ማለት ይቻላል በፀሐይ ውስጥ ስለ ተከማቸ ነው።

የጋላክሲም ብርሃን ወደ ዳር እየደከመ ስለሚሄድ፣ በዳር ያለው ጋዝ ቀስ ብሎ ይዞራል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አንድሮሜዳ ያወጡት ልኬት፣ ፍጥነቱ እንደ ፈለኮቹ እንደማይወድቅ አሳየ። ከዚያም ወዲህ የሃይድሮጂን ጋዝ በሚልከው የ21 ሴንቲ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ይኸው ነገር በብዙ ጋላክሲዎች ተረጋገጠ።

እንግዲህ ጥያቄው ከሚታየውና ከማይታየው ቁስ ለየትኛው ስንት ይድረሰው የሚል ነው። ሥራው በሦስት ክፍል ይከናወናል። የጋዙ መጠን ከሬዲዮው ሞገድ ብርታት ይታወቃል። የከዋክብቱ ዲስክ መጠን የሚገኘው ብርሃኑ በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ነው፤ ይህም ቁጥር ለአንድ የፀሐይ ብርሃን ስንት የፀሐይ መጠነ ቁስ እንደሚደርስ የሚናገር ነው። የቀረው ጋላክሲውን እንደ ኳስ ለከበበው ጨለማ ቁስ ይሰጣል። የሦስቱ ፍጥነቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ፣ የተለካው ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ውጤት ጋር እኩል መሆን አለባቸው።

ቫን አልባዳና ባልደረቦቹ በ1985 ኤን ጂ ሲ 3198 የተባለውን ጋላክሲ በዚህ መንገድ መረመሩ። ፍጥነቱ ከመካከሉ 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ እንኳ በሰከንድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሒሳቡን ብንሠራው 150 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል መጠነ ቁስ ይወጣል። ለዲስኩ ሊሰጥ የሚቻለው ሁሉ ቢሰጥ እንኳ፣ በዚያ ርቀት ውስጥ ያለው ጨለማ ቁስ ከሚታየው ቢያንስ አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

«ቢያንስ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። እህል ከነጆንያው ቢመዘን ድምሩ ይታወቃል እንጂ የጆንያው ድርሻ አይታወቅም። እንደዚሁም ለዲስኩ የሚሰጠው ቁጥር ቢቀነስ፣ የጨለማው ቁስ ድርሻ ተጨምሮ ያው የፍጥነት መስመር ሊወጣ ይችላል። አንዱ ልኬት ሁለቱን ለብቻ ለብቻ አይለያቸውም።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ናቫሮ፣ ፍሬንክና ኋይት በ1996 በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ የጨለማው ቁስ እፍጋት ወደ መካከል በቀረቡ መጠን እየበረታ መሄድ አለበት። በብዙ ትንንሽ ጋላክሲዎች የተለካው ፍጥነት ግን መካከሉ ይልቁን የተስተካከለ መሆኑን ያመለክታል። ለከዋክብቱ የተሰጠው ድርሻ ከተሳሳተ፣ በዚህ ክርክር ላይ የሚሰጠው ፍርድም ሊሳሳት ይችላል። ሞርዴኻይ ሚልግሮም ደግሞ በ1983 መሻሻል የሚገባው የኒውተን ሕግ ነው እንጂ የማይታይ ቁስ አያስፈልግም ብሎ ሐሳብ አቅርቧል።

ስለዚህ ድርሻውን ከዙረቱ ውጭ በሆነ መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ ከዋክብቱ ከዲስኩ በላይና በታች የሚወዛወዙበትን ፍጥነት መለካት ነው፤ ውዝዋዜው የዲስኩን የራሱን ስበት ይናገራልና። ሌላው በኢንፍራሬድ ብርሃን መመልከት ነው፤ በዚህ ብርሃን ከላይ የተባለው ቁጥር ከጋላክሲ ወደ ጋላክሲ ብዙ አይለዋወጥም። በ2016 የወጣው ስፓርክ የተባለው የ175 ጋላክሲዎች መዝገብ የተዘጋጀው በዚሁ ብርሃን ነው።

እንግዲህ ስለ አንድ ጋላክሲ ጨለማ ቁስ የተጻፈ ነገር ስናነብ፣ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ለከዋክብቱ ስንት ተሰጣቸው፣ በምንስ ማስረጃ ተሰጣቸው የሚለውን ነው።