ሻማና ላስቲክ

ሰፈራችን ውስጥ ቆሎ እየቆሉ የሚሸጡ እናት አሉ። ማታ ማታ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቆሎውን በስኒ እየሰፈሩ ስስ ላስቲክ ውስጥ ይጨምሩና አፉን ያሽጉታል። ማሸጊያቸው አንድ ሻማ ብቻ ነው። የላስቲኩን አፍ አጠፍ አድርገው ጠርዙን በነበልባሉ ላይ ፈጠን ብለው ያሳልፉታል፤ ቀልጦ ይጣበቃል። ከዘገዩ ይበሳል፣ ከቸኮሉ አይያያዝም። አንድ ቀን ጠርዙ እሳት ያዘና እፍ ብለው አጠፉት። የወጣው ጭስ ሽታ ከጠፋ ሻማ ጭስ አይለይም ነበር።

ሽታው እውነቱን ተናግሯል። ሻማውም ላስቲኩም የተሠሩት ከሁለት ንጥረ ነገሮች፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ አገጣጠማቸውም ያው ነው። የሚለያቸው የካርቦን ሰንሰለታቸው ርዝመት ነው። ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉት ነገሮች፣ ማለትም ሃይድሮካርቦኖች፣ ሲጀመሩ ተማሪው ሜቴን፣ ኢቴን፣ ፕሮፔን፣ ቡቴን እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል። እነዚህ ስሞች ግን ቁጥር ናቸው፤ አንድ ካርቦን፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ምን እንደሚለወጥ ያስተዋለ ተማሪ ሽምደዳው ይቀልለታል።

ካርቦን አራት እጅ አለው እንበል፤ ሃይድሮጅን አንድ። ካርቦኖች ተያይዘው ሲሰለፉ የተረፈውን እጅ ሁሉ ሃይድሮጅን ይይዘዋል። አንዱ ሰንሰለት ከጎረቤቱ ሰንሰለት ጋር ግን እጅ ለእጅ አይያያዝም፤ በደካማ ስበት ይጠጋጋል እንጂ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር የሚነካካበት ቦታ ይበዛል፣ መላቀቁም ይከብዳል። ስለዚህ አራት ካርቦን ያለው ቡቴን ሲሊንደር ውስጥ በግፊት ካልታሰረ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ስምንት አካባቢ ሲደርስ ቤንዚን፣ አሥራ ሁለት አካባቢ ላምባ፣ ከዚያ ከፍ ሲል ናፍጣ ነው። (የነዳጅ ማጣሪያ ባለሙያዎች «ናፍታ» የሚሉት እኛ የጭነት መኪና የምንሞላውን ናፍጣ ሳይሆን ከላምባም የሚቀልለውን ፈሳሽ ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ ተማሪ ይደናገራል።) ከ20 እስከ 40 ካርቦን ሲሆን ደግሞ ይረጋል። ሻማ የምንለው እሱን ነው።

ሻማ ቢረጋም ጉልበት የለውም። ሲያጎብጡት ይሰበራል፣ በጥፍር ይፋቃል። ይህን ጥጥ ፈትላ የምታውቅ ሴት በቀላሉ ትረዳዋለች፤ ጭረቱ አጭር የሆነ ጥጥ እንዝርቱ ላይ ይበጣጠስባታል፣ ረጅሙ ግን እርስ በርሱ ተጠላልፎ ጠንካራ ክር ይወጣዋል። የላስቲክ ሰንሰለት ካርቦኑ በሺህ የሚቆጠር ነው። ሲጎትቱት መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይነጣል፣ ይቀጥናል፤ የሚበጠሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያህል ረጅም ሰንሰለት ተሠርቶ ነው የሚገኘው። መነሻው ኢቲሊን የተባለ ጋዝ ሲሆን፣ ሁለቱ ካርቦኖቹ በሁለት በሁለት እጅ ተያይዘዋል። አንዱ ጥንድ እጅ ሲላቀቅ እያንዳንዱ ካርቦን ባዶ እጅ ይተርፈዋል፤ በዚያ እጁ ጎረቤቱን ይይዛል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን። ፖሊኢቲሊን ይኸው ነው። ኢቲሊን ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አረንጓዴ ሙዝ በተዘጋ ክፍል ከምረው ላምባ የሚያጤሱ ነጋዴዎች በሙቀቱ ብቻ አይደለም የሚያበስሉት። በደንብ ያልነደደ ላምባ ሰንሰለቱ ሲሰባበር ከሚያወጣቸው ጋዞች አንዱ ኢቲሊን ነው፤ ሙዝም ሲበስል በራሱ የሚያመነጨው ይህንኑ ጋዝ ነው። የላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚያቀርቡ ታላላቅ ፋብሪካዎችም ናፍታን ከእንፋሎት ጋር ከ800 ዲግሪ በላይ እያጋሉ የሚሰባብሩት ለዚሁ ጋዝ ብለው ነው።

ጋዙን ወደ ላስቲክ መለወጥ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዊኒንግተን በሚገኘው የአይሲአይ ቤተ ሙከራ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፋውሴት ኢቲሊንን ከሌላ ኬሚካል ጋር ለማዋሐድ ከከባቢ አየር ግፊት በሺህ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ጨመቁት። ያሰቡት አልሆነላቸውም፤ ዕቃው ሲከፈት የተገኘው ሰም የመሰለ ነጭ ነገር ነበር። ሙከራው ሲደገም አንዳንዴ ይፈነዳ ነበር። የጎደለው ቅመም ሾልኮ የገባ እጅግ ጥቂት ኦክስጅን መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው ሰንሰለት ቅርንጫፍ ያወጣል። ጭራሮ ሲከመር መካከሉ ክፍት እንደሚሆን ሁሉ እነዚህም ተጠጋግተው መደርደር አይችሉም፤ ላስቲኩ ለስላሳ፣ በሻማ ነበልባል ቶሎ የሚቀልጥ ይሆናል። በ1953 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ካርል ዚግለር ያለዚያ ሁሉ ግፊት ቀጥ ያለ ሰንሰለት የሚያሠራ ማፋጠኛ አገኘ። ይህኛው እንደተመለመለ አጣና ነው፤ ጥብቅ ብሎ ይደረደራል። ሴቶቻችን ውሃ የሚያዝሉበት ቢጫ ጀሪካን ከዚህ የተሠራ ነው። በከባድ እንስራ ፋንታ ቀላል፣ ቢወድቅም የማይሰበር ዕቃ ጀርባቸው ላይ መግባቱን ትንሽ ነገር አድርጌ አላየውም።

ላስቲክ ሁሉ አንድ ዘር እንዳይመስለን አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። ቆራሌው ከሚሰበስበው የሃይላንድ ጠርሙስ ቁራጭ ቆርጣችሁ ከክዳኑ ጋር ውሃ የሞላ ሳህን ውስጥ ጣሉ፤ ጣት አስገብታችሁ የያዙትን አየርም አራግፉ። ጠርሙሱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ክዳኑ ሃይድሮካርቦን ሲሆን ጠርሙሱ ግን ኦክስጅን የተጨመረበት ሌላ ፕላስቲክ ነው። የተፈጨ ፕላስቲክ የሚያጥቡ ፋብሪካዎችም የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ኦክስጅኑን የማነሣው ለሌላም ምክንያት ነው። የሣር ጭረትም ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ስኳሮች ተቀጣጥለው የተሠራ። በየመገጣጠሚያው ግን ኦክስጅን አለ፤ በላም ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እዚያ ላይ የሚቆርጡበት መሣሪያ አላቸው። ፖሊኢቲሊን ከዳር እስከ ዳር ካርቦን በካርቦን ነው፣ መቁረጫ የሚገባበት ቦታ አይሰጥም። ፀሐይ ቀስ በቀስ ያደርቀውና ያደቅቀዋል፤ ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል ሲነኩት የሚረግፈው ለዚህ ነው፤ ብናኙ ግን አሁንም ፖሊኢቲሊን ነው። ጨጓራ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ የለም። የምግብ ትራፊና ጨው ሸትቷት ፌስታል የዋጠች ላም ስትታረድ፣ የበላችው ሣር ወተትና ሥጋ ሆኖ አልቆ፣ ፌስታሉ ተጠቅልሎና ተቋጥሮ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ ይገኛል።